ለሽማግሌዎች የወጣ ጥያቄ

እኔ ሰው ቤት ገብቼ ጥያቄ ሳልጠይቅ ወጥቼ አላውቅም። ሥራዬ ነዋ! ታዲያ ሰዎች እቤቴ ድረስ መጥተው ልጄን ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ እሺ እንድል የጠበቁት በምን ሒሳብ ነው?

ከበበ እባላለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሲግናል ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተምሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የበዓል ጥያቄና መልስ አዘጋጃለሁ። «ይሄም ሥራ ሆኖ!» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ከእነሱ አንዷ እህቴ አስረሳሽ ናት። እንግዲህ በዚህ አገር በዓል በመጣ ቁጥር ስብሰባ አለ፤ ስብሰባ ካለ የክብር እንግዳ አለ፤ የክብር እንግዳ ካለ ደግሞ ይዘገያል። እስኪመጣ ሕዝቡን የሚያቆይ ነገር ያስፈልጋል። ያ ነገር እኔ ነኝ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ለሴቶች ቀን፣ ለችግኝ ተከላ ሳይቀር ጥያቄ አውጥቻለሁ። አንድ ጊዜ «የብሔር ብሔረሰቦች ቀን መቼ ነው የሚከበረው?» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ከጀርባዬ በተሰቀለው ጨርቅ ላይ በትልቁ ተጽፏል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እጁን አውጥቶ ተሳሳተ። ሽልማቱን፣ ጃንጥላውን ግን ሰጠነው፤ ኃላፊ ነው፣ ምን እናድርግ።

ልጄ ሀሴት መገናኛ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ወርቅአየሁ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። የበዓል ቀን ጠዋት፣ ገበታው ቀርቦ ማንም እጁን ሳይሰድ፣ ጥያቄ አወጣላታለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሁሉንም ትመልሳለች፤ አንዷን ግን ሁልጊዜ ትስታለች። ስትስት «እስቲ አስረዳኝ አባዬ» ትለኛለች። አስረዳታለሁ። አስረድቼ ስጨርስ ወጡ ቀዝቅዟል። ለእኔ በዓል ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ በዓል አላውቅም።

ነሐሴ ሊያልቅ አካባቢ አስረሳሽ ከወሰን ሠፈር በታክሲ መጣች። በስልክ ልታወራው ያልፈለገችው ነገር ሲኖር ነው በአካል የምትመጣው።

«ወንድምዓለም፣ የፊታችን እሁድ የትም እንዳትሄድ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ምን አለ?»

«ሽማግሌ ይመጣል። ለሀሴት።»

ልጁን አውቀዋለሁ። ይድነቃቸው ይባላል፤ ቤተሰቡ ጉራጌ ነው፤ ወሰን የአባቱን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ይዞ ይሠራል። እቤት መጥቶ ያውቃል። እንከን ፈለግኩበት። አይጠጣም። ትልቅ ሰው ሲያይ ብድግ ይላል። ክረምት ከሆነ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ካልሲው እንኳ ቀዳዳ የለውም። ምንም ስላጣሁበት በጣም ተናደድኩበት።

«ልጁ ምን አጠፋ?» አለችኝ አስረሳሽ ፊቴን አይታ።

«ምንም አላጠፋም።»

«ታዲያ ምን አስከፋህ?»

«ማን ተከፋ?»

«በዓል ብቻዬን ልውል ነው ብለህ ነዋ! እኔን ልትደብቀኝ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!» አልኳት።

ውሸቴን ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ሀሴት ካገባች የእንቁጣጣሽ ጠዋት ከማን ጋር ልቀመጥ ነው? ማንን ልጠይቅ ነው? አስረሳሽ እንደሆነች የራሷ ባልና ልጆች አሏት፤ ደግሞ ጥያቄ ስጠይቃት «አቦ ተወን፣ እንብላበት» ነው የምትለኝ።

«ስማኝ» አለች ስትወጣ። «ሲጠይቁህ ‹ዘመድ ላማክር› ብለህ ቀጠሮ ስጣቸው። ከዚያ ሌላ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። አደራህን!»

እሁድ ዝናብ ሲያወርደው ዋለ። ሽማግሌዎቹ ከነጃንጥላቸው ሦስት ሆነው መጡ። ዋናው አቶ ሁሴን ነው፤ የስልጤ ሰው፣ ከልጁ ሱቅ ጎን የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ፣ ንግግሩ የተመጠነ። ሁለተኛው አቶ ገረሱ ፊት ለፊት ጋራዥ አለው፤ ዕድሜውን ሙሉ በሞተር ድምፅ ላይ ሲጮህ ስለኖረ ደህና ዋሉ ሲል ራሱ የሚቆጣ ነው የሚመስለው። ሦስተኛው የልጁ አጎት አቶ ፊሊጶስ ነው። እሱ አልተናገረም። ከመግባቱ እስከ መውጣቱ አልተናገረም።

«አረፍ በሉ» አልኳቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ሁሴን፣ እንደ ደንቡ።

«እንዳሻችሁ።»

ሁሴን ጉሮሮውን ጠራረገ። ልጃችንን ልጅ ያድርጉልን፣ ልጅዎን ልጃችን እናድርጋት፣ ቤትዎን መርጠን ነው የመጣነው፣ ብሎ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። አስረሳሽ በጓዳው በር በኩል ቆማ በዓይኗ «ዘመድ ላማክር በል» ትለኛለች። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ እምላለሁ! ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«መልካም» አልኩ። «ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆነው በማን ዘመን ነው?»



«ጳጉሜ?» አለ ገረሱ እየጮኸ። «ያቺ ደመወዝ የሌላት ናት አይደል?»

«ስለ ደመወዝ አልጠየቅኩም።»

«ጋሽ ከበበ» አለ ሁሴን ፈገግ ብሎ፣ «እኛ እኮ ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«እኔም እየጠየቅኩ ነው። ከአራቱ ወንጌላውያን በማን ዘመን ነው?»

«እኔን እንኳን ይለፉኝ፤ እስላም ነኝ» አለ ሁሴን። ገረሱ ወደ ፊሊጶስ ዞረ። ፊሊጶስ ኮርኒሱን ያያል።

«በሉካስ... በሉቃስ ነው!» አልኩ ራሴ፤ ከንዴቴ የተነሳ ምላሴ ተጠላለፈ። «እሺ፣ ሌላ። ገና ታኅሣሥ ሃያ ስምንት የሚውለው መቼ ነው?»

«ገና ሃያ ዘጠኝ ነው እንጂ!» አለ ገረሱ።

«አንዳንድ ዓመት ሃያ ስምንት ይውላል።»

«ማን ለወጠው?»

ከጓዳ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። አስረሳሽ ይሁን ሀሴት እስካሁን አላወቅኩም። እኔ ግን አንዴ ጀምሬያለሁ። «እናንተ ሰዎች» አልኳቸው፣ «በዓሉ መቼ እንደሆነ እንኳ ሳታውቁ ልጄን ወስዳችሁ ምን በዓል ልታውሏት ነው? አጥንታችሁ ተመለሱ። መስቀል ሳይደርስ፣ ያለፈው እሁድ... ማለቴ ከመስቀል በፊት ባለው እሁድ።» ሽማግሌ ተቆጥቶ መውጣት ይችል ነበር። ሁሴን ግን «ቀጠሮ ተሰጥቶናል» ብሎ አመስግኖ ጃንጥላውን አነሳ። ገረሱ አጥር በር ላይ ቆሞ «ሰውዬው ጤነኛ ነው?» ሲል ሠፈሩ በሙሉ ሰማው።

ሀሴት ከጓዳ ወጣች።

«አባዬ፣ ሽማግሌ ፈተንክ? ሲሪየስሊ?»

«ትንሽ ነገር ነው የጠየቅኳቸው።»

«ወደቁ?»

«ወደቁ።»

አፏን በእጇ ይዛ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁትም። አስረሳሽ ግን ያለችኝን ሁሉ እዚህ ላይ አልደግመውም፤ «ወርቅአየሁ ብትኖር በዱላ ነበር የምትልህ» ያለችው ብቻ ይበቃል።

ጳጉሜ ላይ አንድ ድርጅት ሠራተኞቹን ለአዲስ ዓመት እንጦጦ ፓርክ ይዞ ወጣ፤ ጥያቄና መልሱን እንዳቀርብ ጠሩኝ። ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ አልተነሳም፤ ሠራተኛው በአንድ ዓይነት ካኒቴራ ይንቀጠቀጣል። ሥራ አስኪያጁ «ቀለል ያለ ይሁን፣ ሰው እንዳይሸማቀቅ» አለኝ። «ፋሲካ ሁልጊዜ ምን ቀን ይውላል?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዲት ሴት ተስፈንጥራ ተነሳችና «ዕረፍት ቀን!» አለች። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። ቴርሞስ ሰጠናት።

ጨርሼ ወደ መኪናው ስመለስ ከመንገዱ ወረድ ብሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሰዎች ተደርድረው አየሁ። ጋቢ የለበሰው ገረሱ ነው። ሁሴን የስፖርት ጫማ አድርጓል፤ ስኳር አለበትና ሐኪም ተራመድ ብሎታል። ፊሊጶስ ዛፍ ያያል። ፊታቸው ይድነቃቸው ስልኩን ይዞ ቆሟል። አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ተጠጋሁ። ለመደበቅ አይደለም፤ ጥላ ፈልጌ ነው። ፀሐይ አልነበረም እንጂ።

«ጋሽ ገረሱ፣ ቡሄ?» ይላል ልጁ።

«ነሐሴ አሥራ ሦስት!»

«ደመራ?»

«መስከረም አሥራ ስድስት! ይቺንማ ማን ያጣታል!»

«ገና ሃያ ስምንት የሚውለው?»

«በዘመነ ዮሐንስ! ጳጉሜ በሉቃስ መጨረሻ አንድ ቀን ትጨምርና... ገባኝ፣ ገባኝ እኮ።» ገረሱ ጋቢውን አስተካከለ። «ኧረ በሞቴ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ለመንጃ ፈቃድ እንኳ እንዲህ አላጠናሁም። አንተ ልጅ፣ አባቷ የማይጠይቅ ሴት የለችም?»

«ሌላ አልፈልግም ጋሼ» አለ ልጁ እየሳቀ።

«ለመሆኑ ጥያቄዎቹን ከየት አገኘሃቸው?» አለ ሁሴን።

«ሀሴት ናት በድምፅ የላከችልኝ። ሁሉንም በቃሏ ታውቃቸዋለች። በበዓል ቀን ሲጠይቋት አንዷን ብቻ እያወቀች ትተዋታለች።»

«ለምን?»

«እሳቸው እንዲያስረዷት። ሲያስረዱ ደስ ይላቸዋል ትላለች። ከእናቷ ሞት በኋላ ብዙ የሚያወሩት ያን ዕለት ብቻ ነው አለችኝ።»

ዛፉን ይዤ ቀረሁ። እየጠየቅኳት የኖርኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ ለካ ስታስተናግደኝ የኖረችው እሷ ናት!  ቀና ስል ሁሴን አየኝ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ቀስ ብሎ ፊቱን መለሰና «ቀጥል ልጄ፣ ጥምቀት» አለ። ጨዋ ሰው ነው። እሱም አናደደኝ።

እንቁጣጣሽ ጠዋት ገበታው ቀረበ። ጥያቄዬን ጀመርኩ። ሀሴት ሁሉንም መለሰች። መጨረሻ ላይ «ፋሲካ ሲዘገይ እስከ መቼ ሊሄድ ይችላል?» አልኳት። ጣሪያውን አየች፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ ጥሩ አድርጋ ነው የምታስመስለው። «ይቺስ ጠፋችብኝ። እስቲ አስረዳኝ አባዬ።» ፊቷን እያየሁ፣ እንደምታውቀው እያወቅኩ፣ ከሚያዝያ ሠላሳ እንደማያልፍ፣ ከመጋቢት ሃያ ስድስት ደግሞ እንደማይቀድም፣ ለምን እንደሆነም አንድ በአንድ አስረዳኋት። ከወትሮው ረዘም አደረግኩት። ወጡ ቀዘቀዘ፤ ማናችንም ይሞቅ አላልንም።

ከመስቀል በፊት ባለው እሁድ ተመለሱ። አሁንም አልቀመጥ አሉ። እኔም ወንበር ላይ ተደላድዬ ጠየቅኳቸው። ገረሱ ጥያቄውን አያስጨርሰኝም። «የሰንደቅ ዓላማ ቀን...» ስል «የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ!» ይላል። «ከተራ...» ስል «ጥር አሥር!» ይላል። ሁሴን ስለ ወንጌላውያኑ ሳይቀር መለሰ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ብሎ በቅደም ተከተል ጠራቸውና «ዘመኑ የማን እንደሆነ ማወቅ ማንንም አይጎዳም» አለ። ፊሊጶስን ምንም አልጠየቅኩትም፤ ፈራሁት።

ጥያቄ አለቀብኝ። በሕይወቴ ጥያቄ አልቆብኝ አያውቅም። ሦስቱ ቆመው ያዩኛል፤ አስረሳሽ ከጓዳው በር ላይ ታየኛለች፤ ከእሷ ኋላ የሀሴት የቀሚስ ጫፍ ይታየኛል።

«አንዲት ቀርታለች» አልኩ። «ሀሴት ስታገባ በዓል የት ነው የምትውለው?»

ገረሱ ወደ ሁሴን ዞረ። «ይቺን አላጠናናትም» አለው፤ ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት።

«እዩ» አልኩ። «ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። እናንተም ጥሩ ሰዎች ናችሁ። እኔ ግን እናቷ ከሞተች ወዲህ በዓል ከእሷ ጋር ነው የዋልኩት። ብቻዬን መዋል አላውቅበትም። እፈራዋለሁ።»

 ሁሴን በእጁ የያዘውን በትር ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ጋሽ ከበበ፣ ይሄ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም» አለ።

«ቁጭ በሉ እንግዲያው» አልኳቸው። ሽማግሌን ቁጭ በል ብለው ካስቀመጡት በኋላ ልጁን አልሰጥም ማለት እንደማይቻል የገባኝ ወንበሩ ከተንቋቋ በኋላ ነው።

በዓላቱን መከፋፈል ጀመርን። እንቁጣጣሽ የእኔ ሆነ፤ አልተከራከሩኝም። መስቀል ላይ ስንደርስ አንድ የማላውቀው ወፍራም ድምፅ ተሰማ።

«መስቀልን አንሰጥም።»

ፊሊጶስ ነው። ሁላችንም ደነገጥን፤ እሱም ትንሽ የደነገጠ መሰለኝ።

«እውነቱን ነው» አለ ሁሴን። «መስቀል ላይ የጉራጌን ልጅ አዲስ አበባ ማስቀረት አይቻልም። እኛም ለዐረፋ እንዲሁ ነን፤ ሱቄን ዘግቼ አገሬ ካልገባሁ ያመኛል። አገር ቤት የይድነቃቸው አያቶች ይጠብቋታል።»

«ውሰዱት። ገናን ግን አልለቅም።»

«ሃያ ስምንት ሲሆንም?» አለ ገረሱ።

«ሃያ ስምንት ሲሆንም!»

ጥምቀት የሁላችንም ነው፣ ታቦቱ ያለበት እንገናኛለን ተባለ። የየካቲቱን በዓል እነሱ፣ የሠራተኞችን ቀን እኔ ወሰድኩ። ሁሴን የሰንደቅ ዓላማውን ቀን ሙሉ ለሙሉ ለቀቀልኝ፤ ቸር ሰው ነው። የከበደን ፋሲካ ነው። ሁለታችንም ወገን አንሰጥም አልን። በመጨረሻ መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በማቴዎስና በሉቃስ ዘመን የእኔ፣ በማርቆስና በዮሐንስ የእናንተ ይሁን አልኩ። ገረሱ በጣቱ ቆጥሮ «እኩል ነው!» ብሎ መሰከረ። በራሴ ኮራሁ። እንዲህ ያለ ነገር ማን ያስበዋል?

«ሌላ የቀረ አለ ጋሽ ከበበ?» አለ ሁሴን።  «በደንብ ያስቡበት።»

«ምንም የቀረ የለም። ዓመቱ አልቋል።»

አስረሳሽ እልልታውን አቀለጠችው። ሀሴት ወጥታ ጉልበቴን ልትስም ስታጎነብስ አቅፌ ያዝኳት። ጆሮዬ ሥር «ገናን በደንብ ተከራከርክ» አለችኝ። እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ በጥር ሆነ። አማረ። መድረክ መሪው ሙሽሮቹ እስኪመጡ ድረስ እንግዳውን በጥያቄና መልስ እንዳቆይ ለመነኝ፤ እምቢ አልኩ፤ የሙሽራ አባት ነኝ። መልሱም ቅልቅሉም አለፈ። ሀሴት ወሰን ገባች። አስረሳሽ ሰንብታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ሰኞ መጣ። ሰኞን እንደምንም አለፍኩት። ቀጥሎ ማክሰኞ መጣ።

ጠዋት ተነስቼ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀዳሁ። አንደኛውን መልሼ ደፋሁት። የቀን መቁጠሪያው ፊት ቆምኩ። በዓላቱን አውቃቸዋለሁ፤ ስንት ዓመት ጥያቄ ያወጣሁባቸው ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ለካ ይህን ያህል ብዙ ነው! የየካቲቱን ሰጥቻለሁ። ፋሲካ ሩቅ ነው፤ ደግሞ ዘመኑ የማን ነው? የማርቆስ! ሰው ሁሉ እየፈተንኩ፣ ያለንበት ዓመት የማን እንደሆነ ሳላስብ ፋሲካውን በገዛ አፌ ሰጥቼ ቁጭ ብያለሁ። ከሠራተኞች ቀን በፊት ልጄን የምጠራበት አንድም ቀን የለኝም። ቁርስ ላይ ማን «ደህና አደርክ» ይበለኝ? ማታ በሩን ማን ይክፈተው? በዓል በዓል ስል፣ በቤቱ ውስጥ ከእሷ ጋር የኖርኩት በማክሰኞው፣ በረቡዑ መሆኑን ረሳሁት። ሁሴን በደንብ ያስቡበት ያለኝ ይሄንን ነበር። ሰውዬው አውቆታል።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ታገስኩ። ከዚያ ስልኬን አነሳሁ። በእርግጥ በዚህ አገር ታቦት የሌለው ቀን የለም፤ የካቲት ሦስት ነው፣ በየወሩ በሦስት በዓታ ናት። «ዛሬ በዓታ ናት፣ በዓል ሲሆን ትመጪያለሽ ተብሏል» ልላት ተዘጋጀሁ። ማንም ሊከራከረኝ አይችልም።

«ሄሎ! አባዬ?» አለች። ከኋላዋ ደንበኛ መድኃኒት ሲጠይቅ ይሰማል። «ምነው፣ ደህና ነህ? ዛሬ ምን በዓል ነው?»

አፌን ከፈትኩ። በዓታ የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ።

«ምንም በዓል አይደለም» አልኳት። «ማክሰኞ ነው። ናፍቀሽኝ ነው።»

ደንበኛውን «አንዴ ይጠብቁኝ» ስትለው ሰማሁ። 

«አባዬ» አለችኝ። «ማክሰኞን እኮ ማንም አልወሰደውም። ምሳ እንዳትበላ፤ መጣሁ።»